«ያየው» የምትል መስመር

አጎቴ ስለ ውሃ የሚያወራ ሰው ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ውሃው የት እንዳለ አልነበረም። «ኤኙቱ አርጌ?» ይላሉ፤ ማን አየው ማለታቸው ነው። ቀጥለው «ዮም?» ይላሉ፤ መቼ። ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሰው የፈለገውን ያህል ቢያወራ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል እንጂ፣ በእሱ ወሬ አንዲት ጥጃ ከበረት አትንቀሳቀስም።

የእናቴ ወንድም ናቸው። አቡያ እላቸዋለሁ፤ በእናቴ ቋንቋ የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲያ ነው። አባቴ ከሰሜን አስተማሪ ሆኖ መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነበር። እናቴ ደግሞ ወደ ዳዋ ወንዝ ቁልቁል ሲወረድ ካለው ቆላ፣ ከከብት አርቢ ቤት የወጣች ናት። እኔ አንዱንም ሳልሆን ቀረሁ፤ ከብት አላረባ፣ ልጅ አላስተምር፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የምውል ሰው ሆንኩ። አጎቴ ሥራዬን ለጎረቤቶቻቸው ሲያስረዱ «ተቀምጦ የሚያይ» ይሉኝ ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

እሳቸው ዓይናቸው የታመነ ሰው ነበሩ። በእነሱ አገር ከብት ወደ ሌላ ግጦሽ ከመነዳቱ በፊት አቡሩ ይላካል። አቡሩ ማለት ቀድሞ ሄዶ ሣሩንና ውሃውን በዓይኑ አይቶ የሚመለስ ሰው ነው። ተመልሶ በሽማግሌዎች ፊት ሲቆም ያየውን ይናገራል፣ የሰማውን ለብቻ ለይቶ ያስቀምጣል፣ የጠረጠረውን ጨርሶ አያነሳም። አጎቴ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በዚህ ሥራ ያረጁ ናቸው። «እሱ አይቷል» ከተባለ የሰፈሩ ክርክር እዚያው ላይ ያበቃል። ሀብታም አልነበሩም፣ የጎሳ ሹመትም አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ነገር ነው፤ አየሁ ሲሉ መታመን። እኔ ያጠፋሁባቸው ያንን ነው፣ እንዴት እንዳጠፋሁት ልናገር።

ቢሮአችን ነገሌ ውስጥ፣ ከአንድ የብረት በር መሥሪያ ጀርባ የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆረጥ እየሰማን እንሠራለን። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፤ በየቆላው ያሉ የውሃ ጉድጓዶችና ኩሬዎች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ የሚያሳይ ድረ ገጽ ማዘጋጀት። የትኛው ጉድጓድ ሞተሩ ይሠራል፣ የትኛው ኩሬ ደርቋል። ዝናብ አንዱን ወቅት መጥቶ ሁለቱን መቅረት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር የማይረባ ሥራ አልነበረም። እኔ በየቀኑ እየደወልኩ የጉድጓድ ሞተሪስቶችን፣ የአይሱዙ ሹፌሮችን፣ ገበያ የወጡ ሰዎችን እየጠየቅኩ ገጹን እሞላለሁ። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ።

ለአጎቴ መጀመሪያ ያሳየኋቸው ገበያ ቀን፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ነው። አካም፣ ናጋ ተባብለን፣ ሎን ናጋ፣ ጆሌን ናጋ ብለን፣ ማለትም ከብቱም ልጆቹም ሰላም መሆናቸው ተረጋግጦ፣ ስልኬን አወጣሁ። እሳቸው አያነቡም፤ እኔ አነበብኩላቸው።

«ይህኛው ጉድጓድ ይሠራል ይላል።»

«ማን አየው?»

«ሞተሪስቱ ነው የነገረኝ።»

«ስሙን ጽፈሃል?»

«አልጻፍኩም።»

«ቀኑንስ?»

«እሱም የለም፣ አቡያ።»

ሻያቸውን ጨረሱ። «እንግዲህ ይህ ወሬ ነው» አሉ በኋላ። «ወሬ እኛም ሰፈር ሞልቷል። ለእሱ መብራት አያስፈልገውም።»

ተናደድኩ። ስንት ወር የለፋሁበትን ነገር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ወሬ አደረጉት። ግን በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በታች አንዲት ቀጭን መስመር ጨመርኩ። «ያየው» ትላለች፤ ከዚያ ያየው ሰው ስም ከነአባቱ፣ ከዚያ ቀኑ፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት። በሚቀጥለው ገበያ አነበብኩላቸው። የአንዱን ሞተሪስት ስም ሲሰሙ «የማን ልጅ ነው?» ብለው አባቱንና አያቱን ጠየቁና «ይህ ሰው አይዋሽም» አሉ። የሌላውን ሲሰሙ ደግሞ ሳቁ። «ይሄኛው የሠርግ ቀን ካልሆነ ከቤቱ አይወጣም። ጉድጓዱን አላየም፣ ሰምቶ ነው።» ደውዬ አጣራሁ፤ እውነትም አላየም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገጹ በሰፈራቸው ሰው አገኘ። ምራታቸው ነገሌ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ ስልክ ያላት ሴት ናት። ገበያ ወጥታ ኔትወርክ ስታገኝ ትከፍተዋለች፣ ሌሎቹ ዙሪያዋን ቁጭ ይላሉ፣ እሷ ታነባለች። ሁለት ጊዜ ያህል በእሱ ምክንያት ከባዶ ጉድጓድ ተርፈዋል። አጎቴ ይህን እየዞሩ ሲያወሩ ሰምቼ ለአንድ ሳምንት ያህል ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አናሊቲክስ የሚባለው የጎብኚ መቁጠሪያ መጣ።

አንድ ጎበዝ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ቀን አስተማረን። መሣሪያው ወደ ድረ ገጻችን ስንት ሰው እንደገባ፣ ከየትኛው ከተማ፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ ያሳያል። ገጹ እስኪከፈት ስንት ሴኮንድ እንደጠበቀ፣ ምን ላይ ጣቱን እንዳሳረፈ፣ እስከ የት ወርዶ እንዳነበበ፣ የት ላይ ሰልችቶት ጥሎ እንደወጣ ሁሉ ይመዘግባል። እኔ የመብራት እንጨት በወደቀ ቁጥር ሳምንት የሚጨልምበት ከተማ ያደግኩ ሰው ነኝ። ፍቅር ያዘኝ ብል አላጋነንኩም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ሰው ሰላም ከማለቴ በፊት እሱን እከፍታለሁ። ከክብረ መንግሥት ሁለት ሰው ገብቷል። ከቡሌ ሆራ አንድ። ከቦሬ አንድ፤ ቦሬ ዝናብ ሲጠግብ የሚውል አገር፣ የኛን ኩሬ መድረቅ ምን አድርጎ ይፈልገዋል እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

መሣሪያው መጀመሪያ የነገረኝ ገጹ ከባድ እንደሆነ ነው። ብዙው ሰው ሳይከፈትለት ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ከላይ የኃላፊያችን ትልቅ ፎቶግራፍና የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግራቸው ነበር። አነሳሁት። ኃላፊያችን ለጥቂት ቀናት በደንብ አላናገሩኝም፤ ግን ገጹ ፈጠነ፣ ሰዉም መቆየት ጀመረ፣ እሳቸውም ለበላይ የሚያሳዩት ጥሩ ግራፍ ሲያገኙ ፎቷቸውን ረሱት። እዚህ ድረስ ያደረግኩት ትክክል ነበር፤ ይህን አልክድም። ክፋቱ፣ አንድ ጊዜ ትክክል መሆን ሰውን ያሰክራል።

ቀጥሎ ያሳየኝ ሰዎች ከሦስተኛው ጉድጓድ በታች እንደማይወርዱ ነው። በትንሽ ስልክ ላይ የአንዱ ጉድጓድ ነገር አራት መስመር ይፈጃል፤ ከአራቱ ሁለቱን የምትወስደው «ያየው» የምትለዋ ናት። አሠልጣኙ «ተጠቃሚ የማይነካውን ነገር አንሱ» ብሎናል። አንስቼ በቀጥታ አልጣልኳትም፤ እንደ ጨዋ ሰው ፈተንኳት። ስሙንና ቀኑን ሌላ ገጽ ላይ አድርጌ «ዝርዝር» የምትል የምትነካ ቁልፍ አስቀመጥኩላት። አንድ ወር ጠበቅኩ። የነካት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ግራፉ ላይ ያቺ ቁልፍ ዝም ያለች ጠፍጣፋ መስመር ነበረች። እንግዲህ የሚፈልጋት የለም አልኩ፤ «ዝርዝር»ንም አጠፋሁ። ስሞቹን ለራሴ ደብተር ላይ ብቻ መያዝ ቀጠልኩ።

መሣሪያው የሚቆጥረው ስልኩን የያዘችውን ሴት ጣት ነው። ዙሪያዋን ተቀምጠው «ማን አየው?» የሚሉት ሽማግሌዎች ጣታቸው ስልኩ ላይ የለም። እነሱ ለእኔ ስክሪን አልተፈጠሩም ነበር። የሚያሳፍረኝ ይህን አለማወቄ አይደለም፤ ማወቄ ነው። እዚያ ክብ ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ግን ግራፍ ፊት ስቀመጥ የማውቀውን ሁሉ እንደ ኋላ ቀር ነገር ቆጠርኩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ጠምጥሜ ነበር።

የመጨረሻው ማሻሻያዬ የምኮራበት ነበር። ኔትወርክ ከከተማ ሁለት ሰዓት እንደወጡ ስለሚጠፋ፣ ስልኩ ገጹን አንድ ጊዜ ካወረደ በኋላ ያንኑ ቅጂ ይዞ ኔትወርክ በሌለበትም እንዲያሳይ አደረግኩ። ነጭ ገጽ እያዩ መጠበቅ ቀረ። መሣሪያው ላይ የፍጥነታችን ምልክት ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ዞረ። በዚያ ዓመት ነገሌ ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ያየሁት እዚያ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ አስነስተው አስጨበጨቡልኝ።

ለአጎቴም በኩራት ነገርኳቸው። «አቡያ፣ አሁን በረሃ ውስጥም ይከፈታል። አራት ቀን ሙሉ ሰው እየላካችሁ አታድክሙ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተቀምጦ የሚያይ አለን» አሉ አጠገባቸው ላለው ሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግማሹን አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ምራታቸው ናት የነገረችኝ። ገበያ ቀን ገጹን ከፈተችው። ከዳዋ ማዶ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ያለ አንድ ጉድጓድ «ይሠራል» ይላል። በዚያን ቀን እውነት ነበር። ይዛው ወደ ሰፈር ወረደች። በሦስተኛው ቀን የጉድጓዱ ፓምፕ ተቃጠለ። ሞተሪስቱ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥቶ ደወለልኝ፤ እኔም ሰዓት ሳይሞላ ገጹን «አይሠራም» አልኩት። ፈጣን ነኝ ብዬም ራሴን አመሰገንኩ።

እነሱ ሰፈር ግን ኔትወርክ የለም። በአምስተኛው ቀን በአቅራቢያቸው ያለው ኩሬ ጭቃ ብቻ ሲቀር ሰዉ ተሰብስቦ መከረ። አጎቴ ምራታቸውን አስጠሩ። ስልኩን ከፈተች፤ ገጹ ሳያንገራግር ተከፈተ። «ይሠራል።»

«ማን አየው?» አሉ።

«አሁን አይጽፍም፣ አባ።»

«መቼስ?»

«እሱንም ትቶታል።»

ከዚያ «የጻፈው የእህቴ ልጅ ነው» አሉ። «ሳያይ አይጽፍም።» ለጎረቤቶቻቸው ደግሞ «ውሃው ታይቷል፣ የእኔ ሰው አይቶታል» ብቻ አሏቸው። ሌላ ማረጋገጫ የጠየቀ የለም፤ ተናጋሪው እሳቸው ነበሩ። አራት ቤት ከብቱን ነድቶ ወጣ።

እኔ ያጠፋሁትን ስም በራሴ ስም ሞልተውት ነበር ማለት ነው። ያቺን መስመር ባዶ መተው የማይችል ሰው ጋ ባዶ አድርጌ ላክኋት፤ እሳቸውም የሚያምኑትን ሰው አስገቡባት።

ወሬውን የሰማሁት ከአንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ኃላፊያችን መኪና ሰጡኝ፤ ስለዚህ ነገር እሳቸውን ማማት አልችልም። ስንደርስ ገንዳዎቹ ደርቀው፣ የሞተር ቤቱ ተቆልፎ፣ ሞተሪስቱ መለዋወጫ ፍለጋ ከሄደ ቀናት ሆኖታል። ከብቱ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጉልበት አልነበረውም። የሞተው በየቁጥቋጦው ሥር ተኝቷል፤ ያልሞተው ደግሞ መነሳት አቅቶት ተንበርክኳል። ወንዶቹ አንዱ ጭራውን፣ አንዱ ቀንዱን ይዘው ያነሱታል፣ ትንሽ ቆሞ ይወድቃል፣ ደግመው ያነሱታል። ሽታው ከመኪናው ሳልወርድ ደረሰኝ፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ሥጋ ቤት አጠገብ ሳልፍ ይመጣብኛል።

አጎቴ አንዲት ጥጃ አጠገብ ተቀምጠው በእጃቸው ጥላ ያደርጉላት ነበር።

«ናጋ?» አልኳቸው።

«ናጋ» አሉኝ። ለዚህ ሰላምታ ሌላ መልስ የለውም፤ ሰው ቤቱ ተቃጥሎም ናጋ ነው የሚለው። ቀጥሎ የሚመጣው ሎን ናጋ ነው፣ ከብቱስ ደህና ወይ። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሳቸውም ጠበቁና አለመጠየቄን አይተው ወደ ጥጃዋ ዞሩ።

ምራታቸው ስልኩን ሰጠችኝ። «እየው» አለች። የኔትወርኩ ምልክት ላይ መስቀል አለበት። ነካሁት፤ ገጹ በአንድ ጊዜ ብቅ አለ፤ ጥርት ያለ፣ ቀላል፣ በእጄ የሠራሁት። «ይሠራል።» ደግሜ ነካሁት። «ይሠራል።» እሷ አጠገቤ ቆማ «ቶሎ ይከፈታል እኮ» አለች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አልነበረም፤ የምታመሰግነኝ ነበር። እዚህ ከደረሱ ጀምሮ በየሰዓቱ እየከፈተች ታየው እንደነበረ ነገረችኝ፤ ምናልባት ሌላ ነገር ይል ይሆናል ብላ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ስልክንም የእነሱ ወገን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ያ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ነጭ ገጽ ያዩ ነበር፤ ነጭ ገጽ ያየ ሰው አቡሩ ይልካል። «ያየው» የምትለዋ መስመር ብትኖር ኖሮ ደግሞ ቀኑ እዚያው ላይ ነበረ፤ የአምስት ቀን ወሬ በድርቅ ወራት ምን እንደሚያወጣ አጎቴ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሁለቱንም በተለያየ ጊዜ፣ ሁለቱንም ሰው እንዳይቸገር ብዬ፣ ሁለቱንም መሣሪያውን አማክሬ ነው ያደረግኩት።

ከአራቱ ቤት ሁለቱ ከብት አልባ ሆኑ። የአጎቴ በረት ውስጥ ሦስት ላሞችና ያቺ ጥጃ ተረፉ። ጥጃዋም ቆየት ብላ ሞተች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጎሳው ሽማግሌዎች ግራር ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ከብት ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከየቤቱ አዋጥቶ ያቋቁመዋል፤ ደንቡ ነው። ከዚያ በፊት ግን እንዴት እንደጠፋ ይሰማል። እኔም እንደ ዘመድ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሽማግሌ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ አጎቴን ጠየቁ።

«ውሃው ታይቷል ብለሃል። ያየው ያንተ ሰው ማን ነው?»

አጎቴ እኔን አላዩም፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ አንገታቸው ወደ እኔ በኩል እንዳይዞር የያዙት ይመስላል። በእነሱ ዘንድ ሳያይ አየሁ ያለ ሰው ሁለተኛ ምንም አይጠየቅም፣ ቃሉም አይታመንም። እኔን ቢጠሩ የእህታቸው ልጅ፣ እናቱ የሞተችበት፣ በዚያ አገር በእናቱ በኩል ከእሳቸው በቀር ሰው የሌለው፣ እዚያ ቀን ላይ ያበቃለታል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ራሴ ሄጄ አየሁ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ እዚያው ሰፈር አንድ ቀብር ላይ ነበሩ። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሳቸው ናቸው። ከተቀመጠው ሰው ግማሹ አብሯቸው ቆፍሯል። ጠያቂው ሽማግሌ መሬት መሬቱን አዩ። ቢከራከሯቸው ይሻል ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያላዩትን አየሁ ብለው የማያውቁ ሰው፣ በመጀመሪያ ውሸታቸው ላይ እንደ ጀማሪ ተያዙ።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። መነሳት ነበረብኝ። አረፍተ ነገሩን በኦሮምኛም በአማርኛም አዘጋጅቼዋለሁ፤ አጭር ነበር። አልተነሳሁም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሥራዬን ፈርቼ ነው፣ ከብት የሞተባቸውን ሰዎች ዓይን ፈርቼ ነው፣ እሳቸውን ውሸታም ማድረግ ይሆንብኛል ብዬ ነው። የመጨረሻው ምክንያት የተሻለ ይመስላል፤ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ የመጀመሪያው ነው። ሽማግሌዎቹ ለአጎቴ ጥቂት ጊደሮች ፈረዱላቸው። ምርቃቱም ተመረቀ። በዚያው ተበተንን።

ነገሌ ስመለስ ኃላፊያችን ከኮምፒውተሩ ፊት ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። አንዱ ስልክ ኔትወርክ ወዳለበት ሲመለስ ያጠራቀመውን ሁሉ ወደ መሣሪያው ልኳል። አንድ ጎብኚ በተከታታይ ቀናት በየሰዓቱ ገጹን ከፍታለች፣ ረጅም ጊዜም ቆይታበታለች። የአማካይ ቆይታ ግራፋችን ታይቶ በማይታወቅ መልኩ ወደ ላይ ወጥቷል። «እንዲህ ዓይነት ታማኝ ተጠቃሚ ነው የምንፈልገው» አሉ። ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ምን እየፈለገች እንደነበረ አውቃለሁ። ግራፉ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ወጣ፤ እኔም በተፈለገው መጠን አሳንሼ፣ ጥራቱን ጠብቄ አስገባሁት።

«ያየው» የምትለዋን መስመር ያን ቀን ከሰዓት መለስኳት፤ የተቀመጠውን ቅጂም አጠፋሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መሣሪያው በሳምንቱ ፍጥነታችን እንደቀነሰ፣ ሰውም ቶሎ ቶሎ ጥሎ እንደሚወጣ በቀይ አስጠነቀቀኝ። ኃላፊያችን ለምን ብለው ሲጠይቁኝ የኔትወርክ ችግር ነው አልኩ። እሱም ውሸት ነው፤ ግን ለእኔ ምንም አላስከፈለኝም።

አጎቴ አሁንም ገበያ ሲወጡ ወደ ቢሮ ጎራ ይላሉ። በበሩ ገብተው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩትን ይነግሩኛል፤ የትኛውን ኩሬ፣ በየትኛው ቀን፣ ውሃው የከብት ጉልበት ይደርስ አይደርስ እንደሆነ፣ የሰሙትን ለብቻ፣ ያዩትን ለብቻ። እኔም ከነስማቸው እጽፈዋለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም አላነሳሁም። ድሮ ሲመጡ ሁለት ሦስት ሰው አብሯቸው ይገባ ነበር፤ አሁን ብቻቸውን ነው የሚመጡት።

በቅርቡ አብረዋቸው ከነዱት ጎረቤቶች አንዱ ቢሮ መጣ። ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ነው፤ አሁን ጎሳው የሰጠውን ጥቂት ከብት ይጠብቃል። አካም፣ ናጋ ተባባልን። ስልኩ ተሰብሮበታል፤ ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ ያለው ኩሬ ውሃ ይዞ እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው።

«አቡያ ትናንት ከዚያ ነው የመጡት» አልኩት። «እሳቸውን ብትጠይቅ ይሻላል፣ ጎረቤትህ አይደሉ?»

አልተቆጣም። እንደማዘን አድርጎ ፈገግ አለ። «እሱ የሚያየው ውሃ አይጠጣም» አለኝ። «አንተ ንገረኝ።»

ገጹን ከፈትኩ። ኩሬው ውሃ አለው ይላል። ከሥሩ «ያየው» ይላል፣ ከዚያ የአጎቴ ስም ከነአባታቸው፣ ትናንት፣ ጠዋት። ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ስሙ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

«ውሃ አለው» አልኩት።

አመሰገነኝ፣ እናቴን አንስቶ መረቀኝ፣ ከብቱን ሊነዳ ወጣ። ማን እንዳየው አልጠየቀኝም።